የድሮው ሸራ ማሳጠሪያ፦ በትንሽ ጀልባ ላይ አሠራሩና አጠቃቀሙ

ቢሾፍቱ ላይ ነፋስ ሰዓት ያውቃል። ጧት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ ቀትር ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ሲግል፣ ነፋሱ ይነሣል። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልክ የነበረ ሸራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበዛል። የበዛ ሸራ ደግሞ ጀልባውን አያፈጥነውም፤ ያጋድለዋል፣ መሪውን ያከብደዋል፣ ሲብስም ይገለብጠዋል። መፍትሔው ሸራውን ከታች በኩል አጥፎ ማሳጠር ነው፤ መርከበኞች ሪፍ ይሉታል።

ይህ መመሪያ ርዝመታቸው ከ3.5 እስከ 5 ሜትር ለሆነ ባለ አንድ ምሰሶ ጀልባዎች ነው፤ በቃሊቲ፣ በገላን ወይም በለገጣፎ ግቢ ውስጥ ተሠርተው፣ በመኪና ተጭነው ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ለሚወርዱት። (ገፈርሳና ለገዳዲ ለከተማው ቅርብ ቢሆኑም የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ግድቦች ናቸው፤ ጀልባ ይዞ አይኬድባቸውም።)

የምንገልጸው ዘዴ የድሮው ነው። ሸራው ዝቅ ይላል፤ ሁለት ጠንካራ ቀለበቶች የአዲሱን ታችኛ ጠርዝ ሁለት ጫፎች ይይዛሉ፤ የተረፈው ጨርቅ ተጠቅልሎ በትንንሽ ገመዶች ይታሰራል። እዚህ አገር የጀልባ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ሲሰበር እንጨት ጠርቦና ገመድ ቆርጦ የሚጠገነውን እንመርጣለን። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ሕግ ላይ ነው፦ ጭነቱን የሚሸከሙት ሁለቱ የዳር ቀለበቶች ብቻ ናቸው። መሐል ላይ የተደረደሩት ማሰሪያዎች የተረፈውን ጨርቅ ከመዝረክረክ ያድኑታል እንጂ ሸራ አይይዙም። ሸራ ሲቀደድ ብዙ ጊዜ ይህ ተረስቶ ነው።

ስሞቹ

ምሰሶውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥንታዊው አማርኛ ደቀል ይለዋል። ከምሰሶው ወደ ኋላ የሚዘረጋውንና የሸራውን ግርጌ የሚይዘውን እንጨት አግዳሚ እንበለው። ሸራው ሦስት ጠርዝ አለው፦ ምሰሶውን ተከትሎ የሚወጣው ፊተኛው፣ ነጻ ሆኖ የሚውለበለበው ኋለኛው፣ አግዳሚው ላይ ያለው ታችኛው። ሸራውን ሽቅብ የሚያወጣው ገመድ መስቀያ፣ አግዳሚውን የሚስበውና የሚለቀው ሳቢ፣ የኋላውን ቀለበት ወደ አግዳሚው የሚያወርደው ማሳጠሪያ ገመድ ነው።

ስንት ይጠር?

ሦስት ማዕዘን ሸራ ሰፊው ክፍሉ ታች ስለሆነ፣ ከታች የሚታጠፍ ትንሽ ቁመት ብዙ ስፋት ይወስዳል። ፊተኛው ጠርዙ 4.5 ሜትር፣ ታችኛው 2.2 ሜትር የሆነ ሸራ 4.95 ካሬ ሜትር ነው። ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ሲታጠፍ 3.7 ካሬ ሜትር ይቀራል፤ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። 120 ሴንቲ ሜትር ሲታጠፍ የሚቀረው 2.7 ካሬ ሜትር፣ የሙሉው ግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን እጥፋት ከፊተኛው ጠርዝ ቁመት ከ13 እስከ 15 በመቶ ላይ፣ ሁለተኛውን በእጥፉ ላይ ያድርጉት። አንድ እጥፋት ብቻ መሥራት ከፈለጉ 20 በመቶ ላይ ይሁን፤ በዚሁ ሸራ 90 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ማጠፍ ድካሙን አይመልስም፤ ከስፋቱ የሚቀንሰው 13 በመቶ ብቻ ነው።

የውጭ መጻሕፍት በዚህ ፍጥነት ሸራ ይጠር ብለው ቁጥር ይሰጣሉ። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። እዚህ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሸራን የሚገፋው በባሕር ጠረፍ ላይ በ22 ወይም በ23 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰውን ያህል ነው። ይህ ግን ሊያዘናጋ አይገባም። ባቦጋያና ሆራ የሚባሉት የቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያቸውን ገደል የከበባቸው የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ነፋሱ ከገደሉ አናት ላይ ወርዶ ባልታሰበ አቅጣጫ ይመታል።

ሸራው ላይ ምልክት ማድረግ

ሸራውን በተጠረገ የሲሚንቶ ወለል ላይ ዘርግተው ሦስቱንም ጫፎች በመጠኑ ወጥረው ያስሩ። በፊተኛው ጠርዝ ላይ ከግርጌው 60 ሴንቲ ሜትር ለክተው በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። በኋለኛው ጠርዝ ላይ ያለውን ነጥብ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። ምክንያቱም ሸራው ካጠረ በኋላ የአግዳሚው ጫፍ ትንሽ ቀና ማለት አለበት፤ አለዚያ ጀልባው ሲያጋድል ጫፉ ውኃ ይነካል፣ ውኃ የነካ አግዳሚ ደግሞ ሳቢውን ቢለቁትም ወደ ውጭ አልሄድም ይላል። ብዙ ጀልባ በዚህ ተገልብጧል።

በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሲባጎ ወጥረው መስመር ያስምሩ። የማሰሪያዎቹ ቀዳዳዎች በዚህ መስመር ላይ አይሁኑ፤ መሐል ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ረገብ ባለ ቅስት ላይ ይደርደሩ። ቀጥታ መስመሩ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ሸራው ሲወጠር ማሰሪያዎቹ ጭነት ይቀበላሉ፤ ጨርቁም በየቀዳዳው ይተረተራል። የአዲሱ ታችኛ ጠርዝ ርዝመት 1.91 ሜትር ስለሚሆን አራት ማሰሪያዎች በ38 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበቁታል።

ስፌቱ

ቀለበቶቹና ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ የሚያጠነክረው መደረቢያ ሸራው ከተሠራበት ከዚያው ጨርቅ ይሁን፤ የድሩና የማጉ አቅጣጫም ከሸራው ጋር ይግጠም። የጭነት መኪና የላስቲክ ሸራ ጠንካራ ነው ተብሎ በቀጭን ሸራ ላይ ሲደረብ፣ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው እምቢ ስለሚል ዙሪያው ይጨማደዳል።

ለሁለቱ የዳር ቀለበቶች አራት አራት መደረቢያ ይቁረጡ፦ ከማዕዘኑ ሲለካ 10፣ 15፣ 20 እና 25 ሴንቲ ሜትር። ጫፎቻቸው አንድ ቦታ ላይ እንዳይገጥሙ የሚደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ካለቁ ሸራው በዚያ መስመር እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ለእያንዳንዱ ማሰሪያ ደግሞ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ መደረቢያ በቂ ነው።

ለማሰሪያዎቹ መርካቶ ሸራ ሰፊዎች በመዶሻ የሚመቱት የናስ ቀዳዳ ይሆናል፤ ጭነት የለበትምና። የዳር ቀለበቶቹን ግን በዚያ መንገድ መሥራት ስሕተት ነው። የተመታ ቀዳዳ ጨርቁን የሚይዘው በመጨበጥ ብቻ ስለሆነ ኃይለኛ ነፋስ ሲስበው ተመንቅሎ ይወጣል። ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መገጣጠሚያው የተበየደ የናስ ወይም የማይዝግ ብረት ቀለበት ይፈልጉ፤ ምናለሽ ተራ ወይም የፈረስ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ተራ ብረት አይሁን፤ ዝገቱ ክሩን ይበላዋል።

በሁሉም መደረቢያ ውስጥ 15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይቁረጡ፤ ከቀለበቱ ማነሱ ልክ ነው። ወፍራም የፖሊስተር ክር እጥፍ አድርገው በንጹሕ ሰም ደጋግመው ያሹት። ሰሙ ክሩን ያያይዘዋል፣ ውኃም ያስጥለዋል። በወስፌ እየበሱ፣ በጆንያ መርፌ ከቀለበቱ ውጭ ገብቶ በመሐሉ እየወጣ ዙሪያውን 24 ጊዜ ይስፉ። አንዱን ስፌት ከቀለበቱ ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር፣ ቀጣዩን 13 ሚሊ ሜትር እያራቁ ያፈራርቁ። ሁሉም በእኩል ርቀት ከተሰፉ ቀዳዳዎቹ ክብ መስመር ይሠራሉ፤ ጨርቁም በዚያ መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ሲጨርሱ የቀለበቱ ብረት በክር ተሸፍኖ መታየት የለበትም ማለት ይቻላል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ለአንዱ ቀለበት አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ግን እዚህ ላይ የሚቆጠብ ጊዜ የለም።

ማሰሪያዎቹ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ገመዶች ናቸው። በቀዳዳው ያሾልኩና እኩል ከፍለው በሸራው ግራና ቀኝ አንዳንድ ቋጠሮ ያድርጉ፤ ገመዱ በነፋስ ሾልኮ አይጠፋም።

አግዳሚው ላይ የሚገጠሙት

ከፊት፣ አግዳሚው ከምሰሶው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት የታጠፈ መንጠቆ ይሰኩ። አፉ ወደ ታችና ወደ ፊት ይዙር፤ መስቀያው ሸራውን ሽቅብ ሲስበው ቀለበቱ እዚያው ይጠብቃል። መንጠቆ ካልተገኘ አንድ ሜትር ገመድ አግዳሚው ላይ አስሮ በቀለበቱ ሦስት ጊዜ ማዞርም ይሠራል፤ የሚዘገየው ጥቂት ሰኮንዶች ነው።

የኋላው ቦታ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አግዳሚው በአንድ ጎኑ የማሳጠሪያ ገመዱ ጫፍ የሚታሰርበት ዓይን፣ በሌላው ጎኑ ገመዱ በኋላው ቀለበት አልፎ ሲመለስ የሚሾልክበት ባለ ቀዳዳ እንጨት ያስፈልገዋል። ቦታውን በግምት አይወስኑ። ሸራውን ግቢ ውስጥ ሰቅለው፣ የፊቱን ቀለበት መንጠቆው ላይ አግብተው፣ የኋላውን ቀለበት በእጅ ወጥረው አግዳሚው ላይ ያውርዱት። ቀለበቱ ያረፈበትን ምልክት ካደረጉ በኋላ ዓይኑንና እንጨቱን ከዚያ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያድርጓቸው፤ በምሳሌያችን ጀልባ ከምሰሶው 1.97 ሜትር ያህል ላይ ይውላል። ገመዱ ወደ ታችም ወደ ኋላም መሳብ አለበት። ወደ ታች ብቻ ከሳበ የሸራው ግርጌ ከረጢት ይሆናል፤ ወደ ኋላ ብቻ ከሳበ ደግሞ ቀለበቱ ከአግዳሚው ላይ ተነሥቶ ኋለኛው ጠርዝ ይንቀጠቀጣል።

ለባለ ቀዳዳው እንጨት ወይራን የሚያክል የለም። ርዝመቱ 12፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱና አፎቹን በክብ ሞረድ አለስልሰው ሰም ይቀቡት። የዓይኑና የእንጨቱ ብሎኖች ፊት ለፊት አይግጠሙ፤ አንዱን ከሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ያራርቁት። አንድ ቦታ ላይ በግራም በቀኝም የተበሳ አግዳሚ የሚሰበረው እዚያው ነው።

ማሳጠሪያ ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የማይለጠጥ የፖሊስተር ገመድ ይሁን። ናይለን ይለጠጣል፤ ነፋሱ በመታ ቁጥር ሸራው ይላላል። ርዝመቱ እንዲህ ይሰላል፦ ሸራው ሙሉ ሲሆን ከዓይኑ እስከ ቀለበቱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ተመልሶ 70፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ተቀማጩ ሊደርስበት እስከሚችለው መጠምጠሚያ (ገመዱ ተጠምጥሞ የሚታሰርበት) 1.2 ሜትር፣ ለመያዣ 40 ሴንቲ ሜትር። ድምሩ 3 ሜትር ነው፤ 3.5 ሜትር ይግዙ። ጫፉ ላይ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ አይርሱ።

ሸራዎ ምሰሶው ላይ በገመድ የታሰረ ከሆነ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ገመዱ ምሰሶውን እየዞረ እንደ እባብ የተጠመጠመ ከሆነ ሲወጠር ምሰሶውን አንቆ ይይዛል፤ ሸራውም በችግር ሰዓት አይወርድም። በምሰሶው ፊት አልፎ በመጣበት በኩል እየተመለሰ የሚሄድ አስተሳሰር ግን ገመዱ ሲላላ ወዲያው ይለቃል።

በውኃ ላይ

መጀመሪያ በየብስ ይለማመዱት። ጀልባውን በሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጠው፣ ጠዋት ለስላሳ ነፋስ ባለበት፣ ከሁለት ደቂቃ በታች እስኪሆንልዎ ይደጋግሙት።

መቼ ነው ማሳጠር? በትልቅ ውኃ ላይ ሰው ነጭ አረፋ ያለው ማዕበል ያያል። ባቦጋያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ማዕበል ለማደግ ቦታ የለውም፤ አረፋ እስኪታይ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። እዚህ የዛፉን አናትና የመንገዱን አቧራ ይመልከቱ። ከሁሉ የሚበልጠው ጀልባው ራሱ የሚናገረው ነው፦ መሪው ክንድ ሲያደክም፣ ሳቢውን በየደቂቃው መልቀቅ ግድ ሲሆን፣ ሁለት ሰው ጠርዝ ላይ ተቀምጦም ጀልባው ካልቀና፣ ጊዜው ነው። ላንጋኖ ሰፊ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እውነተኛ ማዕበል አለው፤ እዚያ ዳር ላይ ሳሉ አሳጥረው ይውጡ። በክረምት ደግሞ የጠቆረ ደመና ሲጠጋ ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ ድንገተኛ ነው።

የሕይወት ጃኬት ለብሰው፣ ቅደም ተከተሉን ሳይለውጡ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ጀልባውን ነፋሱ ከፊት በጎን በኩል እንዲመጣ አድርገው ሳቢውን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። የፊት ሸራ ካለ በነፋሱ በኩል አስረው የመሪውን እጀታ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ይግፉት፤ ጀልባው በዝግታ እየተንሳፈፈ ይቆማል። ነፋስ ከኋላ እየገፋ ማሳጠር አይቻልም፤ ሸራው ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። መልሕቅ እጥላለሁ የሚል ካለ፣ ባቦጋያ እስከ 65 ሜትር ይጠልቃል፤ ገመዱ አይደርስም።

2. መስቀያውን ቀድሞ በቀለም ክር ምልክት እስካደረጉበት ድረስ ብቻ ያውርዱ። ያለ ምልክት የሚያወርድ ሰው ብዙ ያወርድና ሸራው እግሩ ሥር ይከመራል። አግዳሚው የሚደገፍበት ገመድ ከሌለው ረዳትዎ ትከሻው ላይ ይያዘው።

3. የፊቱን ቀለበት መንጠቆው ላይ ያግቡ።

4. መስቀያውን መልሰው ጠንክረው ይሳቡ፤ በፊተኛው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ የሽብሽብ መስመር እስኪታይ። ነፋስ ሲመታው ይጠፋል።

5. ማሳጠሪያ ገመዱን ይሳቡ። የኋላው ቀለበት አግዳሚውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረውና ግርጌው ሲወጠር መጠምጠሚያው ላይ ያስሩት።

6. በኋላው ቀለበት ውስጥ ሌላ አንድ ሜትር ገመድ አሾልከው ከአግዳሚው ጋር ሁለት ዙር ያስሩ። ማሳጠሪያ ገመዱ ቢበጠስ ይህ ካልኖረ ጭነቱ በሙሉ ማሰሪያዎቹ ላይ ይወድቃል።

7. አሁን፣ ከዚህ በፊት ሳይሆን፣ የተረፈውን ጨርቅ ጠቅልለው በማሰሪያዎቹ ያስሩ። ጥቅልሉ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ከሆነ ለእጅ ይቀርባል። ማሰሪያው ጥቅልሉን ብቻ ይክበብ፤ በሸራው ግርጌና በአግዳሚው መካከል ክፍተት ካለ በዚያ ያሳልፉት። ቋጠሮው እንደ ጫማ ክር፣ ግን ባለ አንድ ጆሮ ብቻ ይሁን፤ እርጥብ ሆኖም አንዱን ጫፍ ሲስቡት ይፈታል።

መፍታት

በተቃራኒው ነው፦ ማሰሪያዎች፣ የደኅንነቱ ገመድ፣ ማሳጠሪያው፣ መንጠቆው፣ በመጨረሻ መስቀያው። ማሰሪያዎቹን ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ አራት ካሰሩ አራት ይፍቱ። አንዱ ተረስቶ መስቀያው ቢሳብ የሸራው ጭነት ሁሉ በአንድ የናስ ቀዳዳ ላይ ያርፍና ከዚያ ተነሥቶ ይቀደዳል። ከተሰፋው ሥራ ሁሉ በብዛት የሚበላሸው በዚህች ቅጽበት ነው።

ሲበላሽ

ከኋላው ቀለበት ወደ ምሰሶው የሚሮጥ ሰያፍ ሽብሽብ ካዩ ፊተኛው ጠርዝ አልተወጠረም፤ መስቀያውን ይጨምሩ። ከየማሰሪያው ወደ ላይ ትንንሽ ጨረር የመሰለ ሽብሽብ ከወጣ ማሰሪያዎቹ ጭነት ይዘዋል፤ ወዲያው አላልተው ማሳጠሪያውን ያጥብቁ። ግርጌው እንደ ከረጢት ከተነፋ ያጠረው ሸራ ከሙሉው የባሰ ያጋድላል፤ ብዙ ሰው ‹‹አሳጥሬም አልረዳኝም›› የሚለው ይህን ሳያስተካክል ነው። ገመዱ በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ከነከሰ የቀዳዳው አፍ አልለሰለሰም ማለት ነው።

የሚሽከረከረው አግዳሚ

ከውጭ በገቡ አሮጌ ጀልባዎች ላይ ሌላ ዘዴ ይገኛል፦ አግዳሚው ራሱ እየዞረ ሸራውን እንደ መጋረጃ ይጠቀልላል። በትንንሾቹ ላይ የምሰሶው መገጣጠሚያ አራት ማዕዘን ዘንግ አለው፤ አግዳሚውን ወደ ኋላ ስበው ከዘንጉ ያላቅቁታል፣ ያዞሩታል፣ መልሰው ይሰኩታል። በትልልቆቹ ላይ በእጅ የሚዞር ጥርስ አለ፤ በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል።

ችግሩ ፊተኛው ጠርዝ ላይ ያለው ወፍራም ገመድ እላዩ ላይ እየተደራረበ የአግዳሚውን ፊት ማወፈሩ ነው፤ ከፊት ብዙ፣ ከኋላ ጥቂት ሸራ ይጠቀለልና የአግዳሚው ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል። መፍትሔው ሲጠቀልሉ ኋለኛውን ጠርዝ ወደ ኋላ እየሳቡ፣ በሁለተኛው ዙር ላይ የታጠፈ ፎጣ ወይም የሸራ ከረጢት በአግዳሚው ጫፍ በኩል አብሮ መጠቅለል ነው። ሳቢው አግዳሚው መሐል ላይ የታሰረ ከሆነ ግን ጥቅልሉ ስለሚሸፍነው ወደ ጫፉ መዛወር አለበት። ዘንጉ የላላበት ጀልባ ላይ አግዳሚው በነፋስ ተነቅሎ ሸራውን መልሶ ይፈታዋል፤ እንዲህ ከሆነ ቀለበት ሰፍቶ ወደ ማሰሪያው ዘዴ መመለስ ይሻላል።

እንክብካቤ

በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይ ክርን ከጨርቅ ቀድማ ትገድላለች። በየሦስት ወሩ የቀለበቶቹን ስፌት በጥፍር ይፋቁ፤ ክሩ ብናኝ ከሆነ ወይም ከተነሣ እንደገና ይሰፋ። ከውኃ ሲመለሱ ሸራውን ታስሮ አይተዉት፤ ፈትተው፣ ጥላ ላይ አድርቀው ይጠቅልሉ፤ እርጥብ የታጠፈ ይሻግታል። ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ ሸራን አይጥ የሰሙን ሽታ ተከትላ ትቆረጥመዋለች፤ ከጣሪያው በሽቦ ያንጠልጥሉት።